ከሰላምታው በኋላ የሚነገረው

ለውድ አባቴ ለአቶ ደረጀ፣
ሆሳዕና

አባዬ፣ የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። ክረምቱ እንዴት ይዞሃል? ብርዱስ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? የእማዬ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፋ እየቆመች «ምንም አልሆንኩም» ትላለች? ፊልሞን ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እቤት ውሎ እንዳላስቸገራችሁ ተስፋ አለኝ፤ የሚያስተምረው ልጅ ሲያጣ እናንተን ማስተማር እንደሚጀምር አውቃለሁ። ልጁ ሃሌሉያስ አደገች? ጥርሷ ወለቀ ሲሉኝ የመጀመሪያው ነው ወይስ ሁለተኛው ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያን ወገኖችስ እንዴት ናቸው? አምልኮ በየቤቱ ሆኗል ሲሉ ሰማሁ። አንተ ሳትዘምር እሑድ እንዴት እንደሚያልፍልህ እንጃ!

እኛ እዚሁ ኢንተርናሽናል ሲቲ ነን። ከብርቱካን ጋር እንደሆንኩ ነው፤ ያቺን ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የነበረችውን የዱራሜ ልጅ ማለቴ ነው። ሆቴሉ ባዶ ሲቀር «ያለ ደመወዝ እረፍት ውጡ» ሲባሉ እሷም እቤት ዋለች። እኔም ቢሮ መሄድ ቀርቶ ሥራዬን ከአልጋዬ ጫፍ ላይ ነው የምሠራው። ክፍሏን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለናት፣ እኔ በዚህ በኩል ስብሰባ ስቀመጥ ብርቱካን በዚያ በኩል ሽንኩርት ትከትፋለች። አለቃዬ ሁሴን፣ ሻርጃ ያደገ ሱዳናዊ ነው፣ የመክተፊያውን ድምፅ በሰማ ቁጥር «ዛሬ ምሳው ምንድነው?» ይለኛል።

ሻርጃ የምንከራየው የጸሎት አዳራሽም ከተዘጋ ወራት አለፉት። አሁን የምንጸልየው በስልክ ነው። መሪያችን ወንድም ጌዲዮን «ቅዱሳን፣ እባካችሁ ድምፃችሁን ዝጉ» እያለ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። ባለፈው አርብ መንፈስ ቅዱስ በወረደበት ሰዓት የአንዷ እህታችን አሠሪ ማዳም «ያላ! ያላ!» ብላ ስትጮህ ሁላችንም ሰማን። ጌዲዮን ግን አሜን ብሎ ቀጠለ።

አባዬ፣ ሥራሽ ምንድነው እያልክ ስትጠይቀኝ «ኮምፒውተር ነው» ብዬ አልፍህ ነበር። ዛሬ ግን በደንብ ላስረዳህ እፈልጋለሁ፤ ታገሰኝ። ወረርሽኙ ሲመጣ ድርጅታችን ለሠራተኛው ሕዝብ ነጻ የስልክ መስመር እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። የታመመ ሰው ይደውልና በገዛ ቋንቋው የሆነውን ተናግሮ ይዘጋል። ከዚያ ነርሶች መልሰው ይደውሉለታል። ችግሩ ደዋዩ እንደ አሸዋ ነው፣ ነርሶቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ድምፁን ሁሉ አስቀድሞ የሚሰማና «ይኼኛው ይቅደም፣ ያኛው ይቆይ» ብሎ ወረፋ የሚያስይዝ ማሽን እናስተምራለን። ሂንዲ አለው፣ ኡርዱ አለው፣ የፊሊፒኖቹም ቋንቋ አለው፤ አማርኛው የእኔ ኃላፊነት ነው።

ማሽን እንዴት ይማራል ብትለኝ፣ ያው እንደ ልጅ ነው። የቆዩ ጥሪዎችን እናሰማዋለን፣ ይገምታል፣ ሲሳሳት እናርመዋለን፣ ደግሞ ይሰማል። ይህ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚሄድ ነገር ነው። በየተወሰነ ጊዜም ማሽኑ እስከዚያ ድረስ የተማረውን ሁሉ እንዳለ ቀድተን እናስቀምጣለን፤ ቼክፖይንት እንለዋለን። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ መመለሻ እንዲሆነን ነው።

መሀል ላይ ጊዜ አጠረን። ሁሴን ትምህርቱን ለማፋጠን ብሎ «ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ጥሪ መጀመሪያውን ብቻ እንስጠው፤ ሰው ያመመውን ነገር ለመናገር ብዙ አይቆይም» አለ። የሌሎቹን ቋንቋዎች ስናይ እውነቱን ነው፤ ሰውዬው ስልኩን ከማንሳቱ «ትኩሳት አለብኝ» ይላል። ሁላችንም ተስማማን። ማሽኑም ፈጠነ፣ ውጤቱም አማረ። ሁሴን ደስ ብሎት ለሁላችንም ኩናፋ የሚሉትን የአረብ ጣፋጭ ላከልን።

መስመሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት የሙከራ ጊዜ ነበረው። በዚያ ሙከራ ላይ ሐጂራ የምትባል የወሎ ልጅ ደወለች። አጅማን አል ጁርፍ ውስጥ በቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ ተከራይታ የምትኖር የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ናት። ማሽኑ ሰማትና የወረፋው መጨረሻ ላይ አስቀመጣት። የአማርኛ ደዋዮችን የምትይዘው ነርሷ ትዕግስት ሁሉንም በተራ ስትደውልላቸው ውላ ሐጂራ ጋ ስትደርስ፣ ልጅቷ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷታል። አምቡላንስ ሄዶ ወሰዳት፤ ኦክሲጅን ላይ ተኛች። ትዕግስት ወዲያው ለእኔ ደወለች። ሰላምታም የለ ምንም የለ፤ «ማሽንሽ ጆሮ የለውም እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

የሐጂራን ድምፅ ከፍቼ ሰማሁት። እስቲ አንተም ስማው፦ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ? ደህና ናችሁ ወይ? ቤተሰብ ደህና? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራ እንዴት ነው? በርቱ፣ አላህ ያግዛችሁ። ሰው አስቸገርኩ እንዳትሉኝ እንጂ ትንፋሼ ትንሽ እምቢ ብሎኛል፤ ተኝቼ ማደር አልቻልኩም። ያው ይሻለኛል ኢንሻአላህ። አላህ ያቆያችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።» አየህ አይደል? እኛ ማሽኑን ያሰማነው መጀመሪያዋን ብቻ ነው። በዚያች መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ሁሉ ደህና ነው! ሊሞት የደረሰውም ደህና ነው። ማሽኑ ምን ያድርግ? «አማርኛ የሚናገር ሰው አይታመምም» ብሎ ተማረ። ተቀምጬ አለቀስኩ አባዬ፤ ብርቱካን ቢላዋውን ጥላ መጥታ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የበላይ ኃላፊዎቹ ያሉት አጭር ነው፦ መስመሩ የሚከፈትበት ቀን አይገፋም፣ ሌሎቹ ቋንቋዎች ደህና ናቸው፣ አማርኛ ይውጣ፤ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ወይም በአረብኛ ይደውሉ። ደሜ ፈላ። እንደ ሐጂራ ያለች ልጅ አረብኛዋን የተማረችው ከሥራዋ ነው። ሥራ፣ ገንዘብ፣ ችግር ለማለት «ሹግል»፣ «ፍሉስ»፣ «ሙሽኪላ» ትላለች፤ ደረቷ ውስጥ ያለውን በዚያ ቋንቋ እንዴት ብላ ትንገራቸው? አማርኛ ከወጣ የእኛ ሰው የሚደውልበት የለውም፤ ማለትም ዝም ብሎ ይተኛል። ይህንኑ ተናገርኩ።

ሁሴን ክፉ ሰው አይደለም። «ዲቦራ፣ ዋላሂ ይገባኛል። ግን ከመጀመሪያው እንደገና ለማስተማር ጊዜ የለንም» አለ። እኔም ከመጀመሪያው ማን አለ፣ ስህተቱ የገባበትን ቦታ እናውቀዋለን አይደል አልኩት። ጥሪዎቹን መቁረጥ ከመጀመራችን በፊት የቀዳነው ቼክፖይንት አለ። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ አማርኛ መስማት በደንብ ተምሯል፤ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። ወደዚያ እንመለስና ከዚያው ቦታ አዳዲስ ቅርንጫፎች እናውጣ። ደህና የተማረውን ለምን አብረን እንጥላለን? ሁሴንም አለቆቹን ጥቂት ቀን ለመነልኝ፤ ካልሆነ አማርኛው እንደሚወጣም ነገረኝ።

ቅርንጫፍ ስልህ፣ አንተ እንሰት የምታባዛበትን መንገድ አስብ። እናቲቱን ነቅለህ፣ እምብርቷን አውጥተህ ከፍግ ጋር ትቀብራታለህ፤ ጊዜዋን ጠብቃ ዙሪያዋን ችግኝ ታፈላለች። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሚለያዩት በምትተክልበት አፈር ነው። የእኛም እንደዚያ ነው፣ እናቲቱ አትነቀልም እንጂ። ቼክፖይንቱ ሳይነካ ቁጭ ብሎ፣ ከእሱ ሦስት ልጆች አወጣሁና ለእያንዳንዳቸው የተለየ ትምህርት ሰጠሁ። ሁሴን ከችኮላው ብዛት ሌላም ሌላም ነገር አብረን እንቀይር ሲለኝ እምቢ አልኩ። ሦስት መድኃኒት ባንዴ የዋጠ ሰው ቢድን እንኳ የቱ እንዳዳነው አያውቅም። በአንድ ቅርንጫፍ አንድ ለውጥ ብቻ አልኩ፤ በዚህ ላይ ግትር ሆኜ ከሆነ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

የመጀመሪያዋ ቅርንጫፍ የጥሪውን መጨረሻ ብቻ እንድትሰማ አደረግናት፤ ሰላምታው ካለፈ ሕመሙ ይቀራል ብለን። አይ እኛ! የእኛ ሰው መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያደርግ ረስተነው ነበር። ይመርቃል! ያቺ ቅርንጫፍ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዘራችሁ ይባረክ» የሚለውን ሁሉ ሰምታ ሁሉም ሰው ጤነኛ ነው አለች። ትዕግስት ስነግራት በጭንቀታችን መሀል ከልቧ ሳቀች። ሕመሙ መሀል ላይ ነው አባዬ፤ በሰላምታና በምርቃት መካከል ቀስ ተብሎ፣ ይቅርታ እየተጠየቀበት ነው የሚነገረው።

ሁለተኛዋ ሙሉውን ጥሪ ሰማች። ከበፊቱ ተሻለች፤ ግን ሰው ሕመሙን ካሳነሰው እሷም ታሳንሰዋለች። ስለዚህ ለሦስተኛዋ ሙሉውን ጥሪ እንዳለ ሰጥተን፣ በላዩ ላይ አዲስ ድምፅ መጨመር አስፈለገ፤ የእኛ ሰው በእውነት ታሞ ሳለ እንዴት እንደሚናገር የሚያሰማ። ታዲያ ድምፅ ከየት ይምጣ? ወደ ጸሎት ኅብረታችን ሄድኩ። «ወገኖቼ፣ ታማችሁ በነበረ ጊዜ ስልክ ብትደውሉ ኖሮ የምትሉትን ቅዱና ላኩልኝ» አልኳቸው።

ምን ሆነ መሰለህ? አንድም ሰው «ታምሜያለሁ» የሚል ጠፋ! «እህት ዲቦራ፣ በሽታን በአፌ አላውጅም» አሉኝ። ወንድም ጌዲዮን ራሱ በግንቦት ወር አልጋ ይዞ ምግብ በር ላይ ስናስቀምጥለት የነበረ ሰውዬ፣ የላከልኝ ድምፅ «በኢየሱስ ስም ጤነኛ ነኝ፣ ጠላት ግን ራሴንና መገጣጠሚያዬን ሊነካካ ሞክሯል፤ ሽታም ከልክሎኛል፤ ድል የጌታ ነው» ይላል። ብርቱካን ሳቅ ገደላት። እኔ ግን መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ጊዜ የለኝም፣ እነሱ ይሰብኩልኛል! ትንሽ ቆይቼ ግን ነገሩ ገባኝ። ጌዲዮን ነገ ታሞ ቢደውል የሚለው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ይህን ካልለመደ ጌዲዮንንም ወረፋው መጨረሻ ላይ ሊያስቀምጠው ነው። ተመልሼ «እንደዚሁ ላኩልኝ፣ አንድ ቃል አትቀይሩ» አልኳቸው። ያኔ ድምፁ ጎረፈ። ሳትዋ ሰፈር ማስክ የምትሰፋው የብርቱካን ጓደኛ መኪያ ደግሞ ከሙስሊም እህቶች ሰብስባ ላከችልኝ። ትዕግስትም እያንዳንዱን እየሰማች ሰውዬው በእውነት ምን ያህል ታሞ እንደነበር ጻፈችልን።

ሦስተኛዋ ቅርንጫፍ ትምህርቱን ስትጀምር ግን ከሁለተኛዋም ባሰች። ግራ ገባት፤ «ጤነኛ ነኝ» የሚለውን በሽተኛ ስትሰማ የምትይዘው የምትለቀው ጠፋት። ሁሴን «ኸላስ፣ ይህችን እናቁማት፤ በሁለተኛዋ እንሂድ» አለኝ። በሁለተኛዋ ብንሄድ አለቆቹ ውጤቷን አይተው አማርኛውን እንደሚያወጡት ሁለታችንም እናውቃለን። አዲስ ነገር የሚማር መጀመሪያ ላይ መደናበሩ ያለ ነው፤ ትንሽ ጠብቀኝ ብዬ ለመንኩት። እህል ከአፌ አልገባም። ብርቱካን ከመጋረጃው ወዲያ ተንበርክካ ስለ ማሽን ስትጸልይ ሰማኋት፤ «ጌታ ሆይ፣ ያቺን ሦስተኛዋን» ትላለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም! ከሰዓት በኋላ ስህተቷ መቀነስ ጀመረ። ሲመሽ ሁለተኛዋን አልፋ ሄደች።

የሐጂራን ጥሪ ከመጀመሪያ ጀምሮ ለፈተና ብለን ለይተን አስቀምጠነው ነበር፤ አንዷም ቅርንጫፍ አልተማረችበትም። ሁላችንም በስክሪን እየተያየን ለሦስተኛዋ አሰማናት። ሰላምታውን ሰማች፣ «ደህና ነኝ»ን ሰማች፣ መሀሉንም ሰማች፣ ምርቃቱንም ሰማች፤ ከዚያ ሐጂራን ከወረፋው ፊት አቆመቻት። ሁሴን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ትዕግስት ግን ማስኳን አውልቃ ፊቷን ጠረገች። አማርኛው ሳይወጣ መስመሩ ተከፈተ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የእኛ ሰው ይደውልበታል። ሐጂራም ድና ከሆስፒታል ወጣች። ትዕግስት ስትደውልላት «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» አለቻት፤ ትዕግስትም «እሱን እናውቃለን፣ ቀጥይ» አለቻት አሉ።

አባዬ፣ እኔም ያው የእኛ ሰው ነኝና ዋናውን ነገር ከሰላምታውና ከወሬው ኋላ አደረግኩት። አሁን ተቀምጠህ አንብብልኝ።

ተቋርጦ የነበረው ኢንተርኔት ሲመለስ በፊልሞን ስልክ የድምፅ መልእክት ልከህልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቤ አላርፍ ቢለኝ ድምፅህን ለሦስተኛዋ ቅርንጫፍ አሰማኋት። ከዕለቱ ደዋዮች ሁሉ ፊት አቆመችህ። ተሳስታ ነው ብዬ ደግሜ አሰማኋት፤ ያው ነው። ያኔ ራሴ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ጌታን አመስግነህ፣ ስለ ዝናቡ ነግረኸኝ፣ «ዳገቷን ስወጣ ደረቴን ያዝ ያደርገኛል፣ ግራ እጄንም ያደነዝዘኛል፣ የእርጅና ነገር ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ብለህ፣ ወዲያው መመረቅ ጀመርክ። በየቃሉ መካከል ትንፋሽ ትስባለህ አባዬ። አባቴ ነህ፣ ድምፅህን እወዳለሁ፣ እና አልሰማሁህም ነበር።

ስደውልልህ «ደህና ነኝ» ብለህ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት። ፊልሞን ሐኪም ቤት እንሂድ ቢልህ «በዚህ በሽታ ጊዜ ሐኪም ቤት የገባ አይወጣም» አልከው አሉኝ። ለዚህ ነው ብርቱካን ወደ አገር በሚመልሰው አውሮፕላን ስትሄድ ይህን ወረቀት በእጇ የሰደድኩት። ደብዳቤን ለእማዬ አቀብለህ ማምለጥ አትችልም። በአፍህ በሽታ ማወጅ ካልፈለግክ አታውጅ፤ የወንድም ጌዲዮንን ቋንቋ ተናገር፣ ጠላት ደረቴን ሊነካ ሞከረ በላቸው፤ ሐኪሙ ይገባዋል። ጌታ በሐኪም እጅም ይፈውሳል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ፊልሞን ነገ ጠዋት ይዞህ ይሂድ። ማስክህን አድርግ፣ ዳገቷን በእግርህ አትውጣ፣ ባጃጅ ያዙ።

እማዬን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ እሷም ወገቧን ታሳይ። ፊልሞንን ሰላም በሉልኝ፣ ታላቅ ወንድም መሆኑን አሁን ያሳየኝ። ለባለቤቱ ለስንዱ በናፍቆት ሰላም ብላለች በሏት። ሃሌሉያን በወለቀው ጥርሷ በኩል ሳሙልኝ። ጎረቤቶችንና የመዘምራኑን ወገኖች በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ብርቱካንን እንደ ልጃችሁ ተቀበሏት፤ ለይቶ ማቆያውን ጨርሳ ነው የምትመጣው፣ አትፍሯት።

ላንተ ደግሞ፣ አባዬ፣ መልስ ስትልክልኝ «ደህና ነኝ» ብለህ እንዳትጀምርብኝ። ከብዶህ ከሆነ እኔ ልጀምርልህ፦ ደህና አይደለሁም። በጣም ፈርቻለሁ።

ልጅህ ዲቦራ

ዱባይ፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ
ነሐሴ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.